ቴስታታ በሐምሌ

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። የአዊዋ ከተማ የግምጃ ቤት ደመና ግን ይህን ቀለም አልቆጠረም። ግንቦት ሳይጋመስ ይመጣል፤ መስከረም 25 ቀን «በቃህ» ቢባልም «ገና ጉዳይ አለኝ» ብሎ ጥቅምትንም ይነካካል። መኪና ደግሞ ይህንኑ ወቅት መርጦ ይበላሻል።

በበጋ አይበላሽም ማለቴ አይደለም። በበጋ ሲበላሽ ግን ወሬ አይሆንም። ተገፍቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል፤ መካኒኩ ጆንያ አንጥፎ ከሥሩ ይገባል፤ ሲወጣ እጁን በናፍጣ ታጥቦ ሒሳቡን ይቀበላል፤ አለቀ። ሐምሌ ላይ ያው ብልሽት፣ ያው ቡሎን፣ ያው መካኒክ ሆኖ ሳለ ነገሩ የሠፈር ጉዳይ ይሆናል። የጎደለው ጣሪያ ብቻ ነው። ካቻቢቴና ፒንሳ ኪስ ውስጥ ይገባሉ፤ ሙያውም ከባለሙያው ጋር ይሄዳል። ጣሪያ ግን ኪስ አይገባም።

ግምጃ ቤት ጋራዥ የላትም እያልኩ የአንከሻ ወረዳን ዋና ከተማ ስም ላጠፋ አልተነሣሁም። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጠገኛ አለ። ችግሩ የተበላሸው መኪና ከዚያ ጣሪያ ሥር ቢገኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ አልተበላሸም ማለት መሆኑ ነው። መኪናው የሚገኘው ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌ በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ፣ ግማሽ ጎማው ማጥ ውስጥ፣ ግማሹ የሰው አጥር ሥር ሆኖ ነው። በሰኔና በሐምሌ እንዲህ ያለውን መኪና ጎትቶ ወደ ጋራዥ መውሰድ ከድጡ ወደ ማጡ ይሉት ነው፤ ጎታቹም እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ መካኒኩ ሁለት ሥራ ያገኛል። ስለዚህ ጋራዡ ወደ መኪናው ይሄዳል።

ባጃጅ በዚህ ረገድ የታደለ ፍጥረት ነው። ዝናብ ሲይዘው የሱቅ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ ባለሱቁ ደግ ከሆነም በስኳሩና በሳሙናው መካከል ገብቶ ይጠገናል። ሚኒባስም ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሞተሩ በወንበር ስለተሸፈነ ሰውየው ውስጥ ተቀምጦ ከላይ ሊጎረጉረው ይችላል። የቤት መኪና ኮፈኑ ሲከፈት ኮፈኑ ራሱ ትንሽ ጣሪያ ይሆናል፤ የመካኒኩ ወገብ ይርሳል እንጂ ሞተሩ አይርስም።

አይሱዙ ነው መከራው። የአይሱዙ ሞተር ያለው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ነው። ለማየት ጋቢናው ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ይደፋል። መኪናው አንገቱን ደፍቶ ይሰግዳል፣ ሞተሩ ፊት ለፊት ሰማይ ያያል። የሐምሌ ሰማይ ደግሞ የተከፈተ ነገር አይቶ አያልፍም።

«ትንሽ ውሃ ቢነካው ምን ይሆናል? ሞተሩ በራዲያተር ውሃ አይደለም እንዴ የሚኖረው?» የሚል ሰው በየዝናቡ አይጠፋም። ውሃው በቦይው ሲሄድ ሕይወት ነው፤ ቦታውን ሲስት ነው ጠላት የሚሆነው። ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ የተነሣ እንደሆነ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት የብረት ገጽ ጥርት ያለና ደረቅ መሆን አለበት፤ ጭቃ ወይም እርጥበት ካለ አዲሱ ጓርኒሲዮን ያሮጌውን ዕጣ ያገኛል። ከዚያ የከፋው የቡሎን ቀዳዳ ነው። እታች ውሃ ተጠራቅሞ ሳይታይ ቡሎኑ ቢጠብቅበት ውሃ አይጨመቅምና መውጫ ሲያጣ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጥሩ መካኒክ እያንዳንዱን ቀዳዳ በጨርቅና በአየር አድርቆ፣ ቡሎኖቹን ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንዴ ሳይሆን በዙር በዙር ነው የሚያጠብቃቸው። ይህ ሁሉ ደረቅ እጅና ደረቅ ልብ ይፈልጋል።

የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ነው። ዘይት ስለተባለ ውሃ የማይነካው የሚመስለው ሰው አለ፤ እንዲያውም ከአየሩ እርጥበት የሚስበው እሱ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ሲረገጥ ይሟሽሻል። ይህ ግምጃ ቤት ላይ አይታወቅም። የሚታወቀው ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ፣ እግር ፍሬኑን ፈልጎ ወለሉን ሲያገኝ ነው። እዚህ ያልተዘረጋ ሸራ እዚያ ይጠይቃል።

እና ሸራው ይዘረጋል።

አዊ በዚህ በኩል የሰጠው አገር ነው፤ ቀርቀሃ አለ። በእንጅባራ መንገድ ዳር ወንበርና ጠረጴዛ ሆኖ የሚሸጠው ያ ደጋ ቀርቀሃ ሐምሌ ላይ የጋራዥ ምሰሶ ይሆናል። ቀላል ነው፣ ረጅም ነው፣ አይሰበርም፤ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። አራት ማዕዘን ይተከላል፤ የአይሱዙ ጋቢና የሚደፋበት ስፍራ ስለሚፈልግ የፊተኞቹ ሁለቱ ይረዝማሉ። ከአሮጌ ጎማ ውስጥ በወጣ ላስቲክ ይታሰራል፤ ላስቲክ እየተለጠጠ ስለሚይዝ ከገመድ ይሻላል። በላዩ ሸራው ይወረወራል። ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል፤ ይህን የረሳ ከላይ ድኖ ከታች ይሰምጣል። ክሪክ የሚያርፍበት ሰፊ ጣውላ ይነጠፋል፤ አለዚያ ክሪኩ መኪናውን በማንሣት ፈንታ ራሱን ይቀብራል። መኪናው ከተነሣ በኋላ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይደገፋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር፣ ያውም በረጠበ መሬት ላይ፣ የሚገባ ሰው መካኒክ ሳይሆን ዕድርተኛ ነው።

ሸራውም ዓይነት አለው። ሰማያዊውና ብርቱካናማው ላስቲክ ርካሽ ነው፤ ዝናቡ ሲመታው ግን መካኒኩ «አሥራ አራት ቁልፍ!» ሲል ረዳቱ «አሥራ ሦስት» ሰምቶ ያመጣል። የጥጡ ወፍራም ሸራ ጨዋ ነው፤ ድምፁን ይውጣል። አንድ አመል ብቻ አለበት። ርሶ ሳለ ከውስጥ በኩል ጣት የነካው ቦታ ላይ ማንጠብጠብ ይጀምራል። «ሸራውን አትንኩ!» የሚለው ማስጠንቀቂያ በተሰማ ቁጥር አዲስ የገባው ሰው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ይነካዋል። ከዚያ ያችን ጠብታ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያያታል፤ ምን ጊዜም የምታርፈው የሌላ ሰው አንገት ላይ ነው።

ሌላው ሆዱ ነው። ሸራው ተዳፋት ካልተሰጠው መሐሉ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ይወፍራል፤ ይዘረጠጣል። አንድ ደግ ሰው ተነሥቶ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው መሄዱ አይቀርም። ወዴት እንደሚሄድ ግን ገፊው አይመርጥም፤ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው የመኪናው ባለቤት ላይ ነው።

ሸራ በተዘረጋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሸራው ባለቤትነት ያበቃል። ዝናብ የያዘው መንገደኛ ጣሪያ ካየ ይገባል፤ «ልግባ?» ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ባለቤቱን «ትከለክለኝ ይሆን?» ብሎ መጠርጠር ነውና ነውር ነው። ከገበያ የምትመለስ ሴት ከነዘንቢሏ፣ ደብተሩን በላስቲክ የጠቀለለ ተማሪ፣ ገሳ የለበሰ ገበሬ ይገባሉ። ገሳ የለበሰው ሰው የራሱን ጣሪያ ተሸክሞ ስለሚዞር መግባት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ የሚገባው ለወሬው ነው። ከገሳው ጫፍ የሚፈሰው ውሃ ደግሞ በተቆፈረው ቦይ ከሚሄደው ይበልጣል።

የገባ ሁሉ መካኒክ ነው። «ፖምፓው ነው» ይላል አንዱ። «የለም፣ ኖዝሉ ነው፤ የአጎቴ ልጅ መኪና እንዲሁ አድርጎት ነበር።» «ናፍጣው ውሃ ገብቶበታል።» ለእውነት እንናገር ከተባለ የመጨረሻው ሰው በክረምት ብዙ ጊዜ ልክ ነው። በርሜል ውስጥ የከረመ ናፍጣ ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ከታች ይረጋል፤ ሞተሩ የሚጠጣው ደግሞ ከታች ነው። ለዚህ ነው በፊልትሮው ሥር የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን የተሠራለት። ግን ሰውየው ልክ የሆነው ሞተሩን አይቶ አይደለም፤ ሁልጊዜ ይህንኑ ስለሚል ነው።

የማውቀው አንድ መካኒክ ለዚህ ሕግ አወጣ። ምክር የሰጠ ሰው ባትሪ ይይዛል። «ፖምፓው ነው» ካልክ በስልክህ መብራት እዚያው ጎንበስ ብለህ ታበራለህ፤ «ኖዝሉ ነው» ያልክ እንደሆነ የተፈቱትን ዳዶዎች በሳህን ይዘህ ትቆማለህ። መጀመሪያ ላይ ምክሩ ይቀንሳል ብሎ ነበር ያሰበው። አልቀነሰም። ሰው ባትሪ ሲሰጡት ሹመት መሰለው። አሁን ባትሪ የያዘ ሁሉ ረዳት ነኝ ብሎ ከሌላው ባትሪ ያዥ ጋር ስለ ብልሽቱ ይከራከራል፤ መብራቱም ከክርክሩ ጋር ወዲያ ወዲህ ይሄዳል።

በእንዲህ ያለ ቀን ከሸራው ሥር የሰማሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጋቢያቸውን አጣፍተው ዳር ላይ ቆመዋል። ወጣትነታቸው በፈረስ ያለፈ መሆኑ ከአቋቋማቸው ይታወቃል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ጥር 23 ቀን በተከበረ ቁጥር ሜዳው እንዲህ ካሉ ሰዎች ተለይቶ አያውቅም። ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፣

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እንዲህ ከተኛ ስንት ቀን ሆነው?» አሉ።

«ሦስት ቀን ነው፣ አያ። ጓርኒሲዮኑ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ነው።»

«ፈረስ ሦስት ቀን ቢተኛ እኛ እንቀብረዋለን።»

መካኒኩ ከሞተሩ ውስጥ ቀና አለ። «አያ፣ ፈረስዎ አርባ ኩንታል ከሰል ይጭናል?»

«አይጭንም። እሱ ልኩን ያውቃል። ይሄኛው ልኩን ሳያውቅ ጫነ፤ ተኛ።»

ባትሪ የያዙት ሁለቱም በአንድነት ሳቁ፤ የፈረስ ነገር ሲነሣ አዊ ውስጥ መብራት መያዝ ከባድ ነው።

ከሰሉን ካነሣን አይቀር፣ ከሳቅ ወጣ ያለች አንዲት ነገር ላስገባ። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከጤፉ ጋር እያፈራረቀ የሚተክለው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ከሰል ሆኖ በአይሱዙ አዲስ አበባ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ አዊ ውስጥ ብርድ የሚለው ሰው ከሰል አያጣም። ሸራ ሥርም ምድጃ ይገባል፤ ድንች ይቀቀላል፤ እጅ ይሞቃል። ከዚያ «ነፋሱ» ይሉና ጎንና ጎኑን በላስቲክ ይዘጉታል። ያኔ ነው መፍራት። የከሰል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ እያስነጠሰ አይመጣም፤ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ብቻ ያደርጋል። የሞተር ጭስም ያንኑ ጋዝ ይዟል፤ «ልሞክረው» ተብሎ ሞተሩ በተዘጋ ሸራ ሥር ሲነሣ ሁለቱ ይገናኛሉ። በአገራችን በየክረምቱ ቤት ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎች እንደተኙ ቀርተዋል፤ ሸራም ከተዘጋ ቤት ነው። ቢያንስ አንድ ጎን ክፍት ይሁን። ብርድ በጋቢ ይመለሳል።

የዚህን ሸራ ነገር ፎቶ አንስቼ ካልጋሪ ላለ የሠፈራችን ልጅ ላክሁለት። እሱም የራሱን ላከልኝ። እዚያ ደግሞ ተዘጋጅቶ በካርቶን ይሸጣል፤ የብረት ቱቦ እየተሰካካ ይቆማል፣ ነጭ ሸራ ይለብሳል፣ በሩ ዚፕ ነው። ስፋቱ ሦስት ሜትር በስድስት ሜትር ገደማ ይሆናል። በረዶው ጣሪያው ላይ ሲከመር ቱቦውን ስለሚያጎብጠው በየጊዜው በመጥረጊያ ማውረድ አለበት፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ቡሎኑን አዝጎ እንቢ ያሰኘዋል። የእጅ ሥራ ዋጋ ስለከበደው ፍሬኑን ራሱ ይቀይራል። ይህን ሁሉ የላከልኝን ለሸራ ሥር ጉባኤ አነበብኩላቸው። በረዶው አላስገረማቸውም፤ ጨውም አላስገረማቸውም። አንዷ እናት ፎቶውን ትኩር ብለው አይተው፣

«ሰው የለም እንዴ?» አሉ።

«ብቻውን ነው፣ እማማ።»

«ማን ባትሪ ይይዝለታል?»

ጠየቅሁት። ግንባሩ ላይ የሚታሰር መብራት አለው። «ማን ይመክርሃል?» ብዬ ደግሞ ጠየቅሁት። «ዩቲዩብ» አለ። እማማ ይህንን ሲሰሙ ለልጁ አዘኑለት፤ ድንች ቢልኩለት ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቁኝ። እኔ ግን በመጠኑም ቢሆን ቀናሁ። ዚፕ! አንድ ክንድ ዚፕ ግምጃ ቤት ቢገባ መካኒኩ ስንት ሰዓት ይተርፈው ነበር?

ለነገሩ ሸራ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መቀመጫው እስኪያደርግ ድረስ ነገሥታቱ ለዘመናት ዋና ከተማቸውን በድንኳን ይዘው ሲዞሩ ነው የኖሩት፤ ችሎቱም፣ ግምጃ ቤቱም፣ ወጥ ቤቱም፣ ቤተ መቅደሱም በሸራ ሥር ነበር። ከተማ ተጠቅልሎ በበቅሎ በተጫነበት አገር ጋራዥ ቢጠቀለል ምን ይደንቃል? መኪናውን ግን ከክረምት የሸሸገው የመጀመሪያው ሰው ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ይመስለኛል። ለአፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በበጋ ነው። ብልህ ሰው ነበር። ሐምሌ ላይ ቢሆን ኖሮ መኪናው ስንት በሬ ጎትቶት እንደገባ ነበር የምናነበው።

አንዳንዱ ደግሞ «ይህ ሁሉ ያልፋል፣ አዲስ መኪና ይገባል» ይላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ዓላማው ላይ አልከራከርም። ከሸራው ሥር ሆኜ ስመለከተው ግን ውጤቱ ያለችው መኪና እንደ አያት መከበሯ ነው። ድሮ «ትሸጥና ሌላ ይገዛል» የሚባልላት መኪና አሁን ባሌስትራዋ ይበየዳል፣ ፍሪሲዮኗ ይለበዳል፣ ዕቃዋ ከሱማሌ ተራ ተፈልጎ ይመጣላታል። የኤሌክትሪኩ መኪና ግምጃ ቤት ሲደርስ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ማን ደፍሮ እጁን እንደሚሰድበት አብረን እናየዋለን፤ ምክር እንደማይጎድልበት ግን ከአሁኑ ዋስ ነኝ።

ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን አይሱዙ ከሰል ጭኖ ግቢው በር ላይ ቆመ። ቴስታታው ነው። ሸራ አልጎደለም፤ የመኪናው የራሱ ሸራ አለ። ግን ሸራው የተኛው ከሰሉ ላይ ነው። ከሰሉ ይገለጥ ወይስ ሞተሩ ይርስ? ከሰል ሲርስ ይከብዳል፤ በኪሎ የሚሸጥ ቢሆን ነጋዴው ራሱ ቆሞ ውሃ ባጠጣው ነበር፤ የሚሸጠው ግን በማዳበሪያ ነው። የጎረቤታችን ሚስት መላ አመጣች። የዕድሩ ድንኳን እነሱ ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ባሏ የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ነው። «ለአንድ ሌሊት ነው፤ ማን ያያል?» አለች።

ሲመሽ ተተከለ። ያለማጋነን እንዲያ ያለ ጋራዥ ግምጃ ቤት አይታ አታውቅም። አይሱዙው ጋቢናውን ደፍቶ እንኳ ጣሪያው አልነካውም። መካኒኩ ደስታው ወሰን አጣ፤ እየዘፈነ ቴስታታውን አነሣ።

ሲነጋ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ለሥራው ሲሄድ ድንኳኑን አየ። ደነገጠ። ሰው ሞቶ ድንኳን እስኪተከል ድረስ ጥሩምባ አልነፋም፤ ቅጣቱም፣ ወቀሳውም በዓይኑ ዞረ። ማን እንደሞተ ለመጠየቅ ጊዜ አልወሰደም። መጀመሪያ ነፋ።

ሐምሌ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ዝናብ ነው፤ ሕዝቡ ግን መጣ። ጋቢ ተከናንቦ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ሴቶቹ ከሩቅ ድምፅ እያሰሙ። የዕድሩ ጸሐፊ የቀረና ያልቀረውን ለመለየት በር ላይ ቆሞ ስም መመዝገብ ጀመረ። የፊተኞቹ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አንገቱን የደፋ አይሱዙ ሲያዩ ቆሙ፤ የኋለኞቹ ገፏቸው። ከዚያ «ማን ሞተ?» ተብሎ ሲጠየቅ የተመለሰውን መልስ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም፤ በዚያ ጠዋት ቢያንስ አሥር ሰው እኔ ነኝ የፈጠርኩት ብሎ ደጋግሞታል።

ማንም አልተመለሰም። ዝናብ ነው፤ ጣሪያ አለ፤ ስምም ተመዝግቧል። ንፍሮ የያዘችው ሴት ለቅሶ ቤት ያመጣችውን ይዛ መመለስ ገድ አይደለም አለች፤ ንፍሮው በካምቢዮው ዙሪያ ታደለ። ቡና ተፈላ። አንድ ሽማግሌ እንዴት መሄድ እንዳለባቸው ግራ ሲገባቸው የመኪናውን ባለቤት እጅ ጨብጠው «እግዜር ያጥናህ» አሉት። እሱም የቴስታታውን ዋጋ አስታውሶ ከልቡ «አሜን» አለ። ከመቶ በላይ ሰው ሲመክር የዋለ ሞተር ማታ ላይ ተነሣ። በየትኛው ምክር እንደተነሣ እስከ ዛሬ አልተለየም።

ነገሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ። መተዳደሪያ ደንቡ ተነበበ፤ ድንኳኑ «ለአባላት ለሐዘንና ለደስታ ይሰጣል» ይላል። ወገን ተለየ። አንዱ ወገን የመኪና መበላሸት ሐዘን አይደለም አለ። መኪና ያላቸው ሦስቱ አባላት በአንድ ድምፅ ተቃወሙ። ሌላው፣ እስኪነሣ ሐዘን፣ ሲነሣ ደስታ ስለሆነ ደንቡ ከሁለት በኩል ይፈቅዳል ሲል ተከራከረ። እዚያው ላይ አንዲት እናት ተነሥተው ድንኳኑ ላይ የግራሶ እጅ መታየቱን፣ ነገ እሳቸው ሲሞቱ ሰዎች በግራሶ ሥር እንዲቀመጡላቸው እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ይህ ከባድ ነገር ነበር፤ ብዙ ሰው አንገቱን ነቀነቀ። ጥሩምባ ነፊው በበኩሉ ሳልነፋ እቀጣለሁ፣ ስነፋም ይሳቅብኛል፤ ከእንግዲህ ድንኳን ሲተከል ቅድሚያ ይነገረኝ አለ፤ ተፈቀደለት።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ውሳኔውን አነበቡ። ድንኳኑ ለመኪና ጥገና በኪራይ ይሰጣል። አጥቦ የሚመልሰው ባለመኪናው ነው። ውስጡ ምድጃ አይገባም፤ ጎኑ አይዘጋም። ጥገናው ላይ እያለ የአባል ለቅሶ ከመጣ መኪናው ወዲያውኑ ይወጣል፤ ለሟች ቅድሚያ ይሰጣል።

ባለአይሱዙው እጁን አወጣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሞተሩ በወረደበት ሰዓት ለቅሶ ቢመጣ፣ በምን ተነድቶ ነው የሚወጣው?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ጻፍ» አሉ። «ለቅሶ የመጣው ሰው ይገፋዋል።»